በኦርቪዬቶ አምባ ላይ የአንድ ቀን ጕብኝት

ከሮማ ተነሥቶ ወደ ፊሬንዜ በሚወስደው የምድር ባቡር የሚሄድ መንገደኛ፥ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ከተጓዘ በኋላ በስተግራው በኩል ከሸለቆው መካከል ብቻዋን ብድግ ያለች አንዲት አምባ ያያል። ለአገራችን ሰው አምባ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ራሷ እንደ ገበታ የተስተካከለ፥ ጐኗ ዙሪያውን ገደል፥ መውጫዋም ጥቂት ነው። በራሷም ላይ ኦርቪዬቶ የምትባለው የጥንት ከተማ ከነቤቷ፥ ከነግንቧና ከነቤተ ክርስቲያኗ ተቀምጣለች። የአምባይቱ ርዝመት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የገደሉም ቁመት በብዙ ስፍራ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል።

ኢጣልያ በተራራ ላይ በተሠሩ ከተሞች የሞላች አገር ናት። ሲዬናም፥ አሲዚም፥ ፔሩጃም እያንዳንዳቸው የሚወደድ ነገር አላቸው። ነገር ግን ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚያሳልፈው አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው «ወደ የትኛው ልሂድ?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ያለ ማመንታት ኦርቪዬቶን እንመርጥለታለን። ልጆችንና ሽማግሌዎችን ሳያደክሙ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላልና። ደግሞም የዚህች ከተማ ታሪክ ልጅም ሆነ ዐዋቂ በዓይኑ አይቶ ሊረዳው በሚችል በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይኸውም ውሃ ነው። ጠላት የማይወጣው አምባ ውሃም አይወጣውም። የኦርቪዬቶ ሰዎች ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ከዚህ ችግር ጋራ ሲታገሉ ኖረዋል፤ በመጨረሻም ውሃው እንደ ልብ በመጣላቸው ጊዜ ሌላ ችግር ይዞባቸው መጣ። ይህንን በስፍራው እንነግራለን።

ባቡሩ የሚያቆመው በአምባይቱ ግርጌ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ ፉኒኮላሬ የሚባለው፥ በገመድ የሚሳበው ሠረገላ አለ። ሁለት ሠረገላዎች በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ የታሰሩ ሲሆኑ፥ አንዱ ሲወርድ ሁለተኛው ይወጣል፤ በመንገዱም እኩሌታ ላይ ጐን ለጐን ይተላለፋሉ። መጀመሪያ የተከፈተው በ1888 ዓ. ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ውሃ ብቻ ነበረ። ከላይ ያለው ሠረገላ ከሥሩ በተሠራለት ጋን ውስጥ ውሃ ይሞላበታል፤ በክብደቱም ወደ ታች ሲወርድ ከታች ያለውን ከነሰዎቹ ስቦ ያወጣዋል፤ ግርጌ ሲደርስም ውሃውን ይደፋል። አሠራሩ ለልጆች በሁለት ባልዲና በአንድ ገመድ ሊታይ የሚችል ነው። በ1970 ዓ. ም. ሥራውን አቁሞ ነበረ፤ በ1990 ዓ. ም. ግን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ሆኖ እንደ ገና ተከፈተ። ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቀምጦ ከአምባው ራስ መድረስ ይቻላል።

ከሠረገላው እንደ ወረዱ ብዙ እንግዶች ወዲያው በአውቶቡስ ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኛ ግን የምንመክረው፥ እግር ሳይደክም አስቀድሞ ወደ ጕድጓዱ መሄድን ነው። ከመውረጃው ጥቂት እርምጃ ርቆ፥ በአሮጌው ምሽግ አጠገብ ይገኛል። «የቅዱስ ፓትሪክ ጕድጓድ» ይሉታል።

የጕድጓዱ ታሪክ እንዲህ ነው። በ1527 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጭፍሮች ደመወዛቸው ስላልተከፈላቸው አምፀው ሮማን ወረሩ፤ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዘረፉ፤ ብዙ ሕዝብም ገደሉ። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ ቅዱስ መልአክ በሚባለው ምሽግ ውስጥ ወራት ያህል ተይዘው ከቆዩ በኋላ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ የተራ ሰው ልብስ ለብሰው በስውር ወጡና ወደ ኦርቪዬቶ ሸሹ። አምባይቱ በእውነትም የታመነች መሸሸጊያ ነበረች። ነገር ግን ከሮማ ምሽግ ተከብቦ የወጣ ሰው፥ መከበብ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃልና፥ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ግንቡ ውፍረት ሳይሆን ስለ ውሃው ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ከሩቅ ኰረብታ ውሃ የሚያመጣ ቦይ ተሠርቶ ነበረ፤ ነገር ግን በጊዜው ከጥቅም ውጪ ሆኗል፤ ደኅና ቢሆንም እንኳ ጠላት በአንድ ሌሊት ሊቈርጠው የሚችል ነው። ዝናብ የሚጠራቀምባቸው ጋኖችና ጕድጓዶችም በየቤቱ ነበሩ፤ እነዚህም ለአንድ ከተማና ለአንድ ሠራዊት አይበቁም። ስለዚህ ከአምባው ራስ እስከ ግርጌው ምንጭ ድረስ የሚደርስ ጕድጓድ እንዲቈፈር አዘዙ። ሥራውንም የሮማን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ከመሩት ሊቃውንት አንዱ ለሆነው ለአንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ሰጡት።

የሳንጋሎ ብልሃት የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ጥልቀቱ 53 ሜትር ከሆነ ጕድጓድ በገመድና በባልዲ ለከተማ የሚበቃ ውሃ መቅዳት አይቻልም፤ በበቅሎ መጫን ያስፈልጋል። በቅሎ ግን ደረጃ ወርዳ በጠባብ መንገድ ላይ ሌላ የምትወጣ በቅሎ ብታገኝ፥ መተላለፊያ ስለሌለ ሥራው ሁሉ ይቆማል። እርሱም ስፋቱ 13 ሜትር የሆነ ክብ ጕድጓድ አስቈፈረና፥ በመካከሉ ያለውን ባዶ ስፍራ የሚዞሩ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ሠራ። በሩ ለየራሱ ነው፤ መንገዱም ከቶ አይገናኝም። ባዶ እንስራ የጫነችው በቅሎ በአንዱ በር ገብታ ትወርዳለች፤ ከታች ውሃው ላይ በተሠራው ትንሽ ድልድይ ትሻገራለች፤ ሞልታም በሁለተኛው ደረጃ ወጥታ በሌላ በር ትሄዳለች። ደረጃዎቹ 248 ናቸው፤ ለእንስሳ እንዲመቹም ዝቅ ዝቅ ያሉና ረዣዥም ተደርገው ተሠርተዋል። ብርሃን እንዲገባ ወደ መካከለኛው ባዶ የሚመለከቱ 70 መስኮቶች ተከፍተዋል። የጕድጓዱ የላይኛው ክፍል ከአምባው ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን ድንጋዩ አልቆ ጭቃ አፈር ስለሚመጣ በጡብ የታነጸ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን በአንዱ መስኮት አሻግራ አየችና፥ «አባባ፥ እነዚያ ሰዎች ከየት መጡ? ስንወርድ እኮ አላገኘናቸውም» አለችኝ። በእርግጥም በጕድጓዱ ማዶ ባሉት መስኮቶች ሰዎች አንድ ባንድ እየታዩ ይወጡ ነበር። እናቷም፥ «ልጄ፥ እነርሱ ሌላ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ቈይ፥ እኛም ወደዚያው እንደርሳለን» አለቻት። ከድልድዩም ተሻግረን መውጣት ስንጀምር ልጅቱ በመስኮቱ በኩል ወደሚወርዱት እንግዶች እጇን ታወዛውዝ ነበር። የሳንጋሎን ብልሃት በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ይህን ያህል አይረዳውም ብዬ አስባለሁ።

ለሽማግሌዎችና ልባቸው ለደከመ ሰዎች ግን አንድ ቃል እንናገራለን። መውረዱ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው መውጣቱ ነው፤ በመካከል ተመልሶ መውጫ አቋራጭ መንገድም የለም። አያቶች ከበሩ አጠገብ ባለው አጸድ ተቀምጠው ሸለቆውን እየተመለከቱ ቢጠብቁ ይሻላል። የሚወርድ ሰውም በበጋ እንኳ ቢሆን ቀለል ያለ ሹራብ ይያዝ፤ ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

ጳጳሱ በኦርቪዬቶ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በ1528 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከንግሥት ካተሪን ጋራ ያላቸው ጋብቻ እንዲፈርስላቸው ለመጠየቅ የላኳቸው መልእክተኞች ጳጳሱን ያገኟቸው በዚህችው አምባ ላይ፥ ዕቃ በጐደለበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። መልእክተኞቹም የፈለጉትን ቁርጥ ያለ ፍርድ ሳያገኙ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ጕድጓዱ ገና በመቈፈር ላይ ሳለ በ1533 ዓ. ም. ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው የፖርቱጋል ቄስ፥ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ከተመለሰ በኋላ፥ የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ቦሎኛ በምትባለው ከተማ ለእኒሁ ለቀሌምንጦስ 7ኛ አቀረበ። ይህን ጕድጓድ ያዘዘችው እጅ የንጉሠ ነገሥታችንን ደብዳቤ የተቀበለችው እጅ መሆኗን ያወቀ ኢትዮጵያዊ፥ ደረጃውን ሲወርድ እንደ ሌላው እንግዳ ሆኖ አይወርድም።

ቀሌምንጦስ የሥራውን ፍጻሜ አላዩም፤ በ1534 ዓ. ም. ዐረፉ። ጕድጓዱ የተፈጸመው በ1537 ዓ. ም.፥ በተከታያቸው በጳውሎስ 3ኛ ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ የተፈራው ከበባ ስላልመጣ፥ ይህ ሁሉ ድካም የተደከመበት ውሃ ከተማይቱን ከሞት ለማዳን የተፈለገበት ቀን አልደረሰም። ይህን ሰምቶ «ከንቱ ድካም!» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከጐተራው እህል ሳይጐድል ክረምት ያለፈለትን ባለቤት፥ ጐተራውን ስለ ሠራ ሞኝ አንለውም።

ስሙ የቅዱስ ፓትሪክ የሆነው እርሱ ወደዚህ መጥቶ አይደለም። በአየርላንድ አገር በቅዱሱ ስም የሚጠራና መጨረሻው አይታወቅም ይባል የነበረ ዋሻ ስላለ፥ ይህንንም ጥልቅ ጕድጓድ በእርሱ አምሳል ጠሩት። ኢጣልያኖች ዛሬ የማያልቅ ሀብት ያለውን ሰው «የቅዱስ ፓትሪክ ጕድጓድ አለው» ይላሉ።

ከጕድጓዱ ወደ ከተማው መካከል በዋናው መንገድ በእግር ቢሄዱ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች ሁሉ ቀለማቸው ቡናማና ወርቃማ ነው፤ ከአምባው ከራሱ ድንጋይ የተሠሩ ናቸውና። ይህ ድንጋይ ቱፎ ይባላል፤ ከ300 ሺህ ዓመት በፊት በአካባቢው የነበረ እሳተ ገሞራ የተፋው ትኩስ ዐመድ ተጠራቅሞና ረግቶ የሆነው ነው። ለመጥረብ የለሰለሰ ስለ ሆነ፥ የቤቱ ባለቤት ግድግዳውን ለማቆም ድንጋይ የሚያወጣው ከገዛ ወለሉ ሥር ነበር። እንዲህም በመሆኑ እያንዳንዱ ቤት ከላይ እንዳለው ከታችም ሌላ ቤት አለው። እስከ ዛሬ ተቈጥረው የተገኙት ዋሻዎች 1200 ያህል ናቸው።

ከዋናው ቤተ ክርስቲያን አደባባይ የሚነሡ መሪዎች ጐብኚዎችን ወደ ጥቂቶቹ ዋሻዎች ይወስዳሉ። በቅርጻ ቅርጽና በሥዕል የሚታዩት ሁሉ የነገሥታትና የጳጳሳት ነገር ሲሆኑ፥ እዚህ የሚታየው የእመቤቶችና የቤት ሠራተኞች ኑሮ ስለ ሆነ፥ የዚህ ዓምድ አንባቢ እንዳያልፈው እንመክራለን። በአንዱ ዋሻ የወይራ ዘይት የሚጨመቅበት ወፍጮና መጭመቂያ አለ፤ የዋሻው ሙቀት በክረምትም በበጋም ብዙ ስለማይለወጥ ዘይቱ በብርድ አይረጋም። በሌላው የወይን ጠጅ ይቀመጥበት ነበር፤ የኦርቪዬቶ ነጭ ወይን ጠጅ ስሙ በሩቅ አገር ሁሉ የታወቀ ነው።

ሌሎቹ ዋሻዎች ደግሞ ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እነዚህ የርግብ ጐጆዎች ናቸው። የዋሻው መስኮት ወደ ገደሉ ይከፈታል፤ ርግቦቹ በዚያ ወጥተው በሸለቆው እርሻ ላይ ለቅመው ይበሉና፥ ለመራባት ወደ ጐጆአቸው ይመለሳሉ። የቤቱ እመቤትም ከማድ ቤቷ በውስጥ ደረጃ ወርዳ ጫጩቱን ታወጣለች። ከተማይቱ በጠላት ብትከበብም የርግቦቹን መንገድ የሚዘጋ የለምና፥ ያለ ቀለብ የሚገኝ ሥጋ ነው። ርግብ ዛሬም በኦርቪዬቶ ምግብ ቤቶች የታወቀ ወጥ ነው። የእኛ ልጆች ግን ጐጆዎቹን ካዩ በኋላ ለመብላት እንቢ አሉ፤ እኛም አላስገደድናቸውም።

ከዋሻዎቹ ወለል ወደ ታች የሚወርዱ ጠባብ ጕድጓዶችም ይታያሉ። እነዚህን የቈፈሩት ኤትሩስካውያን የሚባሉት፥ ከሮማውያን በፊት በዚያ የነበሩት ሕዝቦች ናቸው። የጕድጓዱ አፍ ሰው ትከሻውን ገብቶ እንዲያልፍ ብቻ ይበቃል፤ በሁለቱ ጐኖች ትይዩ ለእግርና ለእጅ መቆንጠጫ የሚሆኑ ጕርጓዶች ከላይ እስከ ታች ተፈልፍለዋል። በዘይት ብርሃን እንዲህ ባለ ጕድጓድ ውስጥ እየቈፈረ የወረደውን ሰው ማሰብ ያስፈራል። ከላይ የተመለከትነው የጳጳሱ ጕድጓድ በሊቅና በገንዘብ ብዛት የተሠራ ሲሆን፥ ይህኛው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለቤት ውሃ ሲባል በአንድ ሰው ስፋት የተቈፈረ ነው። ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ዱኦሞ እንሂድ። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1290 ዓ. ም. ነው። ግድግዳው በጥቁርና በነጭ ድንጋይ ረድፍ በረድፍ ተነባብሮ እንደ ጥለት ይታያል። ፊቱ ግን ሌላ ነው፤ ከ1310 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራውን የመራው ሎሬንዞ ማይታኒ የሚባል የሲዬና ሊቅ ነበር። በበሮቹ መካከል ባሉት አራት ምሰሶዎች ላይ ከፍጥረት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቀን ያለው ታሪክ በእብነ በረድ ተቀርጿል፤ ሔዋን ከአዳም ጐን ስትወጣ፥ ቃየል አቤልን ሲገድል፥ ሙታን የመቃብራቸውን ክዳን ሲያነሡ ይታያል። ከዓይን ቁመት የማይርቅ ስለ ሆነ ልጆችን በጣት እያሳዩ ማስተማር ይቻላል። ከበላዩ በወርቅና በልዩ ልዩ ቀለም የተሠራ የጠጠር ሥዕል አለ፤ ይህ የሚያምረው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ነውና፥ ከምሳ በኋላ ቢታይ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያኑን ለማነጽ ምክንያት ሆነ የሚባለው ተአምር በ1263 ዓ. ም. ቦልሴና በምትባለው በአቅራቢያዋ ከተማ ተደረገ ይላሉ። ከቦሄሚያ የመጣ አንድ ቄስ ስለ ቅዱስ ቍርባን በልቡ ሲጠራጠር፥ በቅዳሴ ላይ ከቍርባኑ ደም ፈስሶ የመሠዊያውን ጨርቅ አራሰው ብሎ የአገሩ ትውፊት ይናገራል። ጨርቁ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ይጠበቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛም በዚያን ዘመን በኦርቪዬቶ ተቀምጠው ነበርና፥ በ1264 ዓ. ም. የሥጋ ወደሙን በዓል በካቶሊካውያን ሁሉ ዘንድ እንዲከበር ያወጁት ከዚህችው አምባ ነው።

ከውስጥ በስተቀኝ የቅዱስ ብሪዚዮ ጸሎት ቤት ይገኛል። ሥዕሉን ፍራ አንጄሊኮ በ1447 ዓ. ም. ጀምሮ ተወው፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ቈይቶ ሉካ ሲኞሬሊ ከ1499 እስከ 1504 ዓ. ም. ድረስ ፈጸመው። በአንደኛው ግድግዳ ሐሳዊ መሲሕ ሕዝብ ሲያስት ይታያል፤ ዲያብሎስ ከኋላው ቆሞ በጆሮው ያንሾካሹክለታል። በሥዕሉ ጥግም ሁለት ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመው ይታያሉ፤ አንዱ ሲኞሬሊ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ በፊት የጀመረው ፍራ አንጄሊኮ ነው። የሌላውን ሥራ ተቀብሎ የፈጸመ ሰው፥ የጀማሪውን መልክ ከራሱ ጐን አድርጎ መሣሉ የጨዋ ሥራ ነው። የኵነኔው ሥዕል ግን እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ዐውቀው ይግቡ።

ከአደባባዩ ጥግ ባለው ግንብ ላይ ማውሪዚዮ የሚባል ከነሐስ የተሠራ ሰው ቆሞ በመዶሻ ደወል ይመታል። በ1348 ዓ. ም. የተሠራ ሲሆን፥ ሥራውም ቤተ ክርስቲያኑን የሚያንጹትን ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ማሳወቅ ነበር። ልጆቻችን ከሥዕሉ ሁሉ ይልቅ እርሱን ወደዱት፤ ደወሉን እስኪመታ ድረስም ከአደባባዩ አንነሣም አሉ።

ስለ ምሳ ብዙ አንናገርም፤ ከአደባባዩ ራቅ ባሉት ጠባብ መንገዶች ያሉት ምግብ ቤቶች ዋጋቸው ይረክሳል። በእነዚሁ መንገዶች የሸክላና የዳንቴል ሱቆች አሉ። የኦርቪዬቶ ዳንቴል በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለሴቶች በቤታቸው ተቀምጠው ገቢ የሚያገኙበት ሥራ እንዲሆን የተስፋፋ ነው። ብዙውን ጊዜ የወይን ሐረግና ቅጠል፥ ወፍና እንስሳ ይሠራበታል፤ ባለቤቴ እንዳስተዋለችው ሐረጉ በቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ላይ ከተቀረጸው ጋራ ይመሳሰላል። ዋጋው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ሴት በእጇ ለአንድ ትንሽ ጨርቅ ምን ያህል ቀን እንደምትቀመጥ ያየ ሰው ዋጋ ለማስቀነስ አይደፍርም።

ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለው ሰው ከገደሉ ግርጌ በሰሜን በኩል ወዳለው የኤትሩስካውያን መቃብር ይውረድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ሲሆን፥ መቃብሮቹ እንደ ቤት በድንጋይ ታንጸው፥ በቀጥታ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እውነተኛ ከተማ ይመስላሉ። ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ የባለቤቱ ስምና የቤተ ሰቡ ስም ተጽፏል፤ በሩ ራሱ «እኔ የእገሌ ነኝ» ብሎ የሚናገር ያህል ነው። ኤትሩስካውያን ሴቶች በግብር ላይ ከባሎቻቸው ጋራ ይቀመጡ ነበር፤ ይህም ግሪኮቹን እጅግ ያስደንቃቸው ነበር። ሮማውያን በ264 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማይቱን ያዟት፤ አፈረሷትም፤ የቀሩትንም ነዋሪዎች ከአምባው አውርደው በቦልሴና ሐይቅ ዳር አሰፈሯቸው። ለዚህ ሕዝብ ከአምባ ወደ ሜዳ መውረድ ምን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

አሁን በመጀመሪያ ያነሣነውን ነገር እንፈጽም። ቱፎ ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ የተቀመጠውም በጭቃ አፈር ላይ ነው። በዘመናችን ውሃ በቧንቧ ወደ አምባው ወጣና ሁሉም ቤት እንደ ልቡ አገኘ። ነገር ግን ያ ሁሉ ውሃ ከተጠቀሙበት በኋላ የሚሄድበት መንገድ የቆየ ነበረ፤ ካረጀው ቧንቧና ከእድፍ ውሃ መውረጃው እያንጠባጠበ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ፥ ወደ ዋሻዎቹና ከሥሩ ወዳለው ጭቃ ይገባ ነበር። ከዝናብና ከነፋስ ጋራ ተባብሮም የገደሉን ጠርዝ አላላው። በ1970ዎቹ ዓመታት ትልልቅ ናዳዎች ወረዱ፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ቤቶችም አደጋ ላይ ወደቁ። ውሃ አጥታ ትሞታለች ተብሎ የተፈራላት ከተማ፥ በየቤቱ ማጠቢያ በሚፈስሰው ውሃ ከሥሯ ልትፈርስ ደረሰች።

የኢጣልያ መንግሥት በ1978 ዓ. ም. ለኦርቪዬቶ አምባና ቶዲ ለምትባለው ከተማ ኰረብታ ልዩ ሕግ አወጣ፤ ገንዘብም መደበ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ የያዙት የገደሉን ፊት ብቻ አልነበረም፤ የመላውን ከተማ የውሃ ቧንቧና የእድፍ ውሃ መውረጃ አውጥተው በአዲስ ተኩ። ቀጥሎም ረዣዥም የብረት ካስማዎች በገደሉ ውስጥ አስገብተው ልል የሆነውን ድንጋይ ከውስጡ ጠንካራ ክፍል ጋራ ሰፉት፤ አደገኛ የሆኑትንም ዋሻዎች ደገፉ። የመኪና ብዛት አምባውን እንዳያናውጥ ማቆሚያው ከግርጌ ሆኖ፥ ሰው በተንቀሳቃሽ ደረጃና በአሳንሰር እንዲወጣ ተደረገ፤ ፉኒኮላሬውም እንደ ገና የተከፈተው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ከገደሉ ሥር አምባይቱን ዙሪያዋን የሚከብብ የእግር መንገድ አለ፤ ርዝመቱ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙሉውን ለመዞር የማይችል ሰው ከመቃብሩ ተነሥቶ ጥቂት ቢሄድበት፥ የብረቶቹን ራስ በድንጋዩ ላይ ተሰክተው ያያል፤ ከፍ ብሎም የርግቦቹ መስኮቶች በገደሉ ፊት ይታያሉ። እዚያም እዚያም የስንጥቁን ስፋት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ ከእነርሱም የሚመጣውን ቍጥር በከተማው ለዚህ ሥራ የተመደቡ ሰዎች ይመዘግባሉ።